የሰባት ቀን ማስታወቂያ

ሀሩንን ያገኘችው የአራተኛ ፎቅ ጎረቤቱ ናት፤ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ሲያባራ ልብስ ልታሰጣ ስትወርድ። በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው የደረጃ መታጠፊያ ላይ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጎ ነበር። ደክሞት የተቀመጠ ነው የመሰላት። «ሀሩኔ፣ ምን ሆነህ እዚህ ተቀመጥክ?» አለችው። ሁለቴ ጠራችው። ሦስተኛውን ሳትጨርስ የያዘችው ሳፋ ከእጇ አመለጠ። ብሎኩ ሁሉ የሰማው ያን የሳፋ ድምፅ ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ማንም አልሰማም፤ በረዶ የቀላቀለ የሐምሌ ዝናብ ጣሪያውን ሲቀጠቅጠው ቆይቷል።

ኢንስፔክተር ፈለቀች ስትደርስ ደረጃው በሰው ተሞልቶ ነበር። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመት ቢያልፈውም ከጥቁር ልብስ ሙሉ በሙሉ አልወጣችም። አሥራ አንድ ዓመት አብሯት የሠራው ሳጅን ሙዘሚል መንገድ እያስለቀቀ ከፊቷ ወጣ።

«የደረጃው መደገፊያ የታለ?» ብላ ጠየቀች።

«ብረቱን ሌባ ነቅሎት ከሄደ ዓመት አለፈው» አሉ አንድ አዛውንት። «ስንት ጊዜ አመለከትን መሰለሽ!»

ሟቹ የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። የቤት ነጠላ ጫማ ተጫምቷል። አጠገቡ ያልተከፈተ፣ ያልረጠበ ጃንጥላ ወድቋል። ቀኝ እጁን ጨብጦ ነበር፤ ሲከፈት የተቀደደ የወረቀት ጥግ ወጣ። ፎቶ ኮፒ ነው፤ «ገጽ 7» ከሚል በቀር ምንም የለበትም። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛው ፎቅ አጠገብ፣ ሙዘሚል አንድ ወፍራም የመነጽር መስታወት አነሳ።

«መነጽር ያደርግ ነበር?»

«ኧረ እሱ ዓይኑ የጭልፊት ነው» አለች ጎረቤቲቱ እያለቀሰች።

ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ። በሩ ገርበብ ብሏል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጠረጴዛው ላይ ባትሪው ያለቀ ላፕቶፕ፣ ሻይ የሞላ ፔርሙስ፣ ስኳር፣ ሁለት ንጹሕ ብርጭቆ። ፈለቀች ብርጭቆዎቹን ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ወርቃማ ቀለም የዞረባቸው፣ ለእንግዳ የሚቀመጡ ዓይነት ናቸው።

«እንግዳ ይጠብቅ ነበር» አለች። «የሚያከብረውን እንግዳ። ዝናብ ስለሆነ ጃንጥላ ይዞ ሊቀበለው ወረደ።»

«እንግዳው ቀድሞ ደርሶ ደረጃ ላይ ተገናኙ» አለ ሙዘሚል። ሰው ፊት «እርስዎ» ይላታል፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ጓደኛው ናት። «ሻዩን ግን አልጠጡትም፣ ፈለቁ።»

እህቱ ሸይማ መገናኛ ካለው የልብስ ሱቋ በታክሲ መጣች። ጎረቤቶች እቤታቸው አስገቧት። ፈለቀች አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠችና ለቅሶው ትንፋሽ እስኪሰጣት ድረስ ጠበቀች። ባሏ የሞተ ቀን ቶሎ ቶሎ የጠየቋትን ሰዎች እስካሁን አልረሳቻቸውም።

«ወንድምሽ ምን ይሠራ ነበር፣ ልጄ?»

«ጂኦግራፊ ያስተምራል። ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ባለው የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ይጽፋል። ስለ ወንዙ፣ ስለ ተራራው፣ ስለ ሰዉ። የሌላውንም ያርማል።»

«ይከፍሉታል?» አለ ሙዘሚል።

«ማንም ለማንም አይከፍልም። እኔም እንዳንተ ነበር የምጠይቀው። ‹ሸይሙ፣ በቋንቋችን ፈልጎ ያጣ ልጅ እንዳይኖር ነው› ይለኛል።» ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። «የሰው ገጽ በመሰረዙ ግን ተጣልተውታል። ተክለብርሃን የሚባል የምክር ቤት አባል ደውሎ ‹እግርህን እሰብረዋለሁ› ሲለው ስፒከር ላይ ነበር፤ ሰምቻለሁ።»

ጎረቤቲቱ ጣልቃ ገባች። «የሽማግሌዎቹን ንገሪያቸው እንጂ! ዓርብ ዕለት ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው መጡ። አንዱ ቄስ ናቸው፤ መስቀል አሳልመውኛል። ሸይማን ሊጠይቁ ነው ብለን ደስ ሲለን ፊታቸውን አጥቁረው ወረዱ። አንደኛው ‹ሽማግሌ እንዲህ ይመለሳል?› ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እኔን አልጠየቁም» አለች ሸይማ። «ማታ ሲነግረኝ ከፍቶት ነበር። ‹ዛሬ በእጄ የሌለ ነገር በሽማግሌ ተጠየቅኩ› አለኝ። ምንድነው ስለው ‹ሲያልቅ እነግርሻለሁ› አለ።»

ሰኞ ጠዋት ሀሩን ተቀበረ። ከቀብር መልስ ፈለቀችና ሙዘሚል መገናኛ ወረዱ። ሸይማን የሚፈልግ አንድ ሰው መኖሩን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል፤ ሙክታር ይባላል፤ ጫማ ይሸጣል።

ሱቁ ከመድረሳቸው በፊት ፈለቀች አንዲት ኪዮስክ ጋ ቆመች። ካርድ ገዝታ ፋቀችና የማንንም ስም ሳትጠራ ወደ አንድ ቁጥር ላከችው። ሙዘሚል ወደ ባቡሩ ዞሮ የሚመለከት መሰለ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ያውቃል። ካርድ ካልተሞላ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ አንድ ቀን ደውላ የማታውቀው ሰው «ሃሎ» እንዳይላት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ወር አላሳለፈችም።

ሙክታር ዓይኑ አብጧል። ከቀብር ገና መመለሱ ነው፤ ጫማው ላይ ጭቃ አለ።

«ዓርብ ዕለት ሽማግሌ ልከህ ነበር?» አለችው።

«እኔ?»

«ሀሩን መለሳቸው ይባላል። ከሦስቱ አንዱ ቄስ ናቸው።»

ሙክታር ሳቅ ያዘውና እዚያው ወደ ለቅሶ ተለወጠበት። «እትዬ፣ ቄስ ልኬ የእስላም ልጅ ልጠይቅ? ደግሞስ ለሸይማ ሦስት ሰው ነው የምልከው? ሰባት ነው የምልከው! ሀሩንን እኮ አስፈቅጄዋለሁ። ‹ክረምቱ ይውጣ› አለኝ። ‹ክረምት ላይ ሽማግሌ ይጨቀያል› አለኝ።» እሑድ ከሰዓት ሱቁን ከፍቶ ውሏል፤ ጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ መሰከሩ። መነጽርም አያውቅም።

«በእጁ የሌለ ነገር» አለች ፈለቀች ወደ መኪናው ሲመለሱ። «እህቱ በእጁ ናት፤ ታላቅ ወንድም ነው። ሽማግሌዎቹ የጠየቁት ሌላ ነገር ነው።»

ናኦሚ በዚሁ ኢንሳይክሎፒዲያ ከሀሩን ጋር የምትሠራ በጎ ፈቃደኛ ናት። የሚሰረዘውንና የሚቆየውን ገጽ በመጨረሻ የምትዘጋው እሷ ናት። ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ፣ ያልነካችው ማኪያቶ ቀዝቅዞባት አገኟት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሀሩንን በአካል ያየችው አራት ጊዜ ብቻ መሆኑን ተናግራ፣ አራቱንም ቀን ቆጠረችላቸው።

«ሩሉ ሲምፕል ነው፣ ኢንስፔክተር። አንድ ሰው ገጽ እንዲኖረው፣ ዘመዱ ያልሆኑ ሰዎች ስለሱ በደንብ የጻፉባቸው ቢያንስ ሁለት ምንጮች ያስፈልጋሉ። ጋዜጣ፣ መጽሐፍ። ሚኒስትር ከሆነ ኢሹ የለም። የወረዳ ምክር ቤት አባል ከሆነ ግን ወንበሩ ብቻ አይበቃውም።»

«ጥሩ ሰው ከነበረስ?»

«ጥሩነት መስፈርት ውስጥ የለም።» አንገቷን ደፋች። «ሀሩን ይህንን ለሰው መናገር ነበር የሚከብደው።»

«እንዴት ነው የሚሰረዘው?»

ናኦሚ ስልኳን አዞረችላት። በአንድ ገጽ አናት ላይ ደማቅ ቀይ ሣጥን አለ፦ «ይህ ጽሑፍ እንዲሰረዝ ቀርቧል። ሰባት ቀን።»

«ሣጥኑ ፍርድ አይደለም፤ ጥያቄ ነው» አለች ናኦሚ። «ሰባት ቀን እንወያያለን። ምንጭ ከተገኘ ይቆያል። ሀሩን ደግሞ ሣጥን የሚለጥፈው ራሱ ምንጭ ሊፈልግ ሲነሳ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ቤተ መጻሕፍት የድሮ ጋዜጣ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነው። አሁን ለውይይት የቀረቡት አሥራ አንድ ናቸው፤ ሁሉም የምክር ቤት አባላት። ሁሉንም ባለፈው ማክሰኞ በአንድ ቀን ነው የለጠፈው። ነገ ሰባት ቀን ይሞላል። ለምን ሁሉንም በአንዴ እንዳቀረበ አልነገረኝም። ቅዳሜ ማታ ብቻ ‹ነገ አንድ ነገር ይዤ እመጣለሁ› ብሎ ጻፈልኝ።»

«የተቆጣ ሰው አለ?»

«ብዙ። አንዱ ግን…» ገጹን ወደ ታች ገፋችው። «ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ስለየትኛው ገጽ እንደሆነም አልተናገረም።»

ፈለቀች አነበበችው። «በእሷም ላይ ቀይ ቀባችሁባት። ሰባት ቀን የምትሉትን አውቀዋለሁ። ሰባት ቀን ብላችሁ በአራተኛው ነው የምትመጡት።»

«እሷ ይላል» አለ ሙዘሚል። «ተክለብርሃን በዚህ ወጣልን ማለት ነው?»

«ተክለብርሃን ስለ ራሱ ‹እሷ› አይልም። ሌላ ነገር ያውቅ እንደሆነ ግን እንይ።»

አቶ ተክለብርሃን የሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ውስጥ፣ በቀለም ቆርቆሮዎች መካከል ተቀምጦ ተቀበላቸው። ወፍራም፣ ድምፁ ጎላ ያለ ሰው ነው። መነጽር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ሁለቱም መስታወት አለ።

«እግሩን እሰብራለሁ ብዬዋለሁ፤ አልክድም» አለ ሳይጠየቅ። «የተናደደ ሰው ምን የማይለው አለ? እሑድ ግን ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጎሮ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሽማግሌ ሆኜ ንግግር አድርጌያለሁ። ቪዲዮው አለ፤ ሃያ ደቂቃ ተናግሬያለሁ።»

«ሃያ ደቂቃ?» አለ ሙዘሚል። «ሙሽሮቹ ምን አደረጉዎት?»

ተክለብርሃን አልሳቀም። «ስለዚያ ልጅ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ገጼን ሲሰርዝብኝ ‹አድልዎ ነው› አልኩት። ‹ስንት የማይረባ የምክር ቤት አባል አስቀምጠህ እኔን ለይተህ ታጠፋለህ? እኔ ከተሰረዝኩ ሁሉም ይሰረዝ!› ብዬ ጮህኩበት። በሦስተኛው ቀን ራሱ ደወለልኝ። ‹አቶ ተክለብርሃን፣ አሰብኩበት፤ ልክ ነዎት። ሁሉንም በአንድ ዓይን ማየት አለብኝ› አለኝ። ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን!» አንድ የቀለም ቆርቆሮ አነሳና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። «እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ስልኩን ዘጋሁበት።»

ወደ መኪናው ተመለሱ። በአሥራ አንዱ ገጾች ላይ ቀይ ሣጥን ያስለጠፈው የዚህ ሰው ጩኸትና የዚያ ልጅ ቅንነት ነው።

የሀሩን የስልክ ጥሪ ዝርዝር ማክሰኞ ጠዋት ደረሰ። ሙዘሚል ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው።

«የመጨረሻው ጥሪ እሑድ ስምንት ሰዓት ተኩል። አራት ደቂቃ ተነጋግረዋል። በዚህ ቁጥር ሁለት ወር ሙሉ ሲደዋወሉ ቆይተዋል። የቁጥሩ ባለቤት አለም ገረመው ትባላለች። ናኦሚ ከነገረችን አሥራ አንድ ሰዎች አንዷ ናት፤ የጎሮ ምክር ቤት አባል ነበረች። ያዝናት ልል ስል ምን አገኘሁ መሰለሽ?»

«ምን?»

«ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው። የሞተች ሴት ደውላለች። ሲሙ ተሰርቋል፤ ወይ አንዱ ደላላ…»

ፈለቀች እጇን አነሳችና ዝም አስባለችው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር በጣቷ ነካችው።

«አልተሰረቀም» አለች። «ሦስት ዓመት ሙሉ ካርድ የሚሞላላት ሰው አለ።»

ሙዘሚል አያት። 

«እናት ወይም አባት ናቸው» አለች ፈለቀች እየተነሳች። «አባት ይመስለኛል። ሽማግሌ መላክ ያሰበ ሰው ነው።»

አቶ ገረመው ጎሮ ውስጥ በአንድ ግቢ ኋላ ባለች አንዲት ክፍል በኪራይ ይኖራሉ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የውኃ ቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። በሩን ከፍተው ፖሊሶቹን ሲያዩ «ግቡ» ብቻ አሉ፤ ሲጠብቋቸው የቆዩ ይመስል ነበር። ግድግዳው ላይ የአንዲት ፈገግ ያለች ሴት ፎቶ፣ ከጎኑ ከአንድ የፈረሰ ቤት የተነቀለች የቤት ቁጥር ቆርቆሮ ተሰቅለዋል። መስኮቱ ላይ አንድ መነጽር ተቀምጧል። የግራው መስታወት የለም፤ የቀኙ ተሰንጥቋል።

ፈለቀች ከኪሷ መስታወቱን በላስቲክ እንደተጠቀለለ አውጥታ ከመነጽሩ አጠገብ አኖረችው። አቶ ገረመው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ አባቴ።»

«መጀመሪያው ቤቱ ነው። የቀድሞው ቤቴ አጥር ላይ መጥተው በቀይ ቀለም መስቀለኛ ቀቡበት። ይፈርሳል፤ ሰባት ቀን አላችሁ አሉን። አለም ያን ጊዜ ነበረች። ‹አባዬ፣ ሰባት ቀን እኮ የተሰጠው ለመነጋገር ነው› አለችኝ። ወረቀት ይዛ ከቢሮ ቢሮ ዞረች። በአራተኛው ቀን ማሽኑ መጣ። አንድ ሰው ወረቀት አውጥቶ ‹ይኸው፣ ያንብቡት› አለኝ። እኔ ሳነብ ግድግዳው ወደቀ። ከዚያ እሷም ብዙ አልቆየች። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ።»

ሙዘሚል የያዘውን ብዕር አስቀመጠ።

«ለዚህ ሰፈር ውኃ ያስገባችው እሷ ናት። ማንም አልጻፈላትም። የልጅ ልጄ ሀይሚ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሳትሄድ በፊት ‹አያዬ፣ ኢንተርኔት ላይ አንተ ጻፍላት› ብላ በስልክ መጻፍ አስተማረችኝ። በልጄ በአለም ስልክ። አራት ወር ፈጀብኝ። ስሳሳት ያ ልጅ፣ ሀሩን፣ ያርምልኝ ነበር። ደውሎ ፎቶ እንዴት እንደሚገባ አሳየኝ። ቤቱ ጠርቶኝ ሻይ አፍልቶልኛል። አባባ ነበር የሚለኝ።»

«ከዚያ ሣጥኑን አዩት።»

«ቀዩን አየሁት። የሱ ስም ከስሩ አለ። ሻይ ያፈላልኝ ልጅ በልጄ ላይ ቀይ ቀባ። ሰባት ቀን ይላል ደግሞ!» ወደ ግድግዳው ፎቶ ዞሩ። «ከባድ ነገር በባዶ አፍ አይጠየቅምና ሽማግሌ ላክሁ። የእድራችንን ዳኛ፣ ጎረቤቴን፣ ቄሱን። ‹በእኔ እጅ አይደለም፤ በሽማግሌ አይወሰንም፤ ገጹ ላይ ጻፉ› ብሎ መለሳቸው። ዳኛው ‹ገረመው፣ ሰውየው ኮምፒውተር ላይ አመልክቱ አለን› ሲለኝ በአፈርኩት ልክ አፍሬ አላውቅም። ጻፍኩም። ማንም አልመለሰልኝም።»

«እሑድስ?»

«ራሴ ልለምነው ደወልኩ። ‹አባባ፣ ይምጡ፤ የማሳይዎት ወረቀት አለ፤ በስልክ አይሆንም፤ በዓይንዎ ይዩት› አለኝ። ወረቀት ሲለኝ የተወሰነ መሰለኝ። ታክሲ ይዤ ሄድኩ። በረዶው ሲወርድ ደረጃው ላይ አገኘኝ። ጃንጥላ ይዟል። እየሳቀ ነበር። ለምን ይስቃል አልኩ። ወረቀቱን ዘርግቶ ‹ይኸው፣ ያንብቡት› አለኝ።»

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ያንኑ ቃል። መነጽሬ በዝናብ ጭጋግ ለብሷል፤ ፊደል አይታየኝም። ነጠቅኩት። እሱም አልለቅም አለ። ‹አባባ፣ ይጠንቀቁ፣ ይቀደዳል› እያለ። ገፋሁት። ብረቱ የለም። መነጽሬም ወደቀ፣ ረገጥኩት። ወርጄ ‹ሀሩን፣ ልጄ› አልኩት። አልመለሰልኝም። ሰው ልጣራ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ድምፅ አልወጣ አለኝ። በዝናቡ ሄድኩ።»

«ወረቀቱስ?»

ከፍራሻቸው ሥር አወጡት። አራት ጊዜ ታጥፏል፤ ጥጉ ተቀድዷል። «አላየሁትም። መነጽር የለኝም። ቢኖረኝም አላየውም ነበር።»

ፈለቀች ወረቀቱን ዘረጋችው። የድሮ ጋዜጣ ፎቶ ኮፒ ነው። ዓይኗን ሮጥ አድርጋ አነበበችውና ተመልሳ ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው፤ ሳታነብላቸው አጥፋ ኪሷ ልትከተው ለአፍታ ዳዳት።

«ምን ይላል?» አሉ አቶ ገረመው። «ተሰረዘች?»

«‹በጎሮ ከስምንት መቶ በላይ ለሚሆኑ አባወራዎች ንጹሕ ውኃ ገባ›» ብላ ማንበብ ጀመረች። «‹ሥራውን ለሁለት ዓመት በግንባር ቀደምነት የመሩት የምክር ቤቱ አባል ወይዘሮ አለም ገረመው፣ ጉድጓድ በሚቆፈርበት ወቅት ከነዋሪው ጋር አካፋ ይዘው ሲሠሩ መዋላቸውን የአካባቢው ሰዎች ለጋዜጣው ተናግረዋል። ወይዘሮ አለም በበኩላቸው፣ ቧንቧ መገጣጠም ያስተማሯቸው አባታቸው መሆናቸውን…›»

መጨረስ አቃታት። ወረቀቱን ወደ ጎን አዞረችው።

«ዳር ላይ በእርሳስ የተጻፈ አለ። የሀሩን ጽሕፈት ነው። ‹ሁለተኛው ምንጭ ተገኘ። ይቆያል። አባባ ምን ይሉ ይሆን!›»

አቶ ገረመው እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ተቀበሏት። ማንበብ እንደማይችሉ እያወቁ ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት፤ እንደገና አስጠጉት። ሙዘሚል የራሱን የማንበቢያ መነጽር አውልቆ ሰጣቸው። አደረጉት። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ።  በመጨረሻ መነጽሩን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱለት።

«ሊያበሥረኝ ነው የወረደው» አሉ።

በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ኪሳቸውን ዳሰሱና የአለምን ስልክ ለፈለቀች ሰጧት። «ይህ ለማስረጃ ትፈልጉታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። ካርድ የምሞላው በወሩ መጨረሻ ነው። እኔ ከገባሁ በኋላ የሚሞላ የለም። ሀይሚ እንዳይከብዳት አልነገርኳትም። ቁጥሩ ይዘጋል።»

ፈለቀች ስልኩን ያዘች። ቁጥሩን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ ናኦሚ አራብሳ ለቅሶ ቤት መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሸይማ መሐል ላይ ናት። ፈለቀች ከአጠገቧ ቦታ አገኘች። የሆነውን አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ወረቀቱን፣ ጃንጥላውን፣ ሁለቱን ብርጭቆ። ሸይማ ሰማቻት።

«እየሳቀ ነበር አሉ?»

«እየሳቀ ነበር።»

«አይ ሀሩን» አለች ሸይማ። 

ናኦሚ ስልኳን አወጣች። «ዛሬ ሰባት ቀኑ ሞልቷል። ኢንስፔክተር የጋዜጣውን ቀንና ገጽ ሰጡኝ። ሌላውን ምንጭ ሀሩን ቀደም ብሎ አስገብቶት ነበር። የአለምን ገጽ ዘጋሁት። ይቆያል። ቀዩ ሣጥን ተነስቷል።»

«የሱስ?» አለች ሸይማ።

«የማን?»

«የሀሩን ገጽ። ለሱ አይጻፍለትም? አንድ መስመር?»

ናኦሚ ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ስልኩ ላይ ወረደ። «መስፈርቱን አያሟላም፣ ሸይማ። መሞቱን የጻፉ ጋዜጦች አሉ፤ ግን በአሟሟት ብቻ አይበቃም ይላል ደንቡ። እኔ ብጽፍለት ቀድሞ ሣጥን የሚለጥፈው እሱ ነበር።»

ሸይማ ፊቷን ወደ ምንጣፉ መለሰች።

«አንድ ነገር ግን ላሳይሽ» አለች ናኦሚ ተጠግታ። የአለም ገረመውን ገጽ ከፍታ፣ አናቱ ላይ ያለውን «ታሪክ» የሚል ቃል ነካችው። ረጅም ዝርዝር ወጣ፤ እያንዳንዱ መስመር ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳረመ ይናገራል። ሀሩን፣ ፎቶ አስተካከለ። ሀሩን፣ ቀን ጨመረ። ሀሩን። ሀሩን። ከዚያ ስለ አንድ ወንዝ የተጻፈ ሌላ ገጽ ከፈተች፤ ከዚያ ስለ አንድ ተራራ። «ይህን ማንም መሰረዝ አይችልም። እኔም አልችልም። ስሙ ሃያ ሁለት ሺህ ቦታ አለ።»

ሸይማ ስልኩን ከእጇ ወስዳ በጣቷ መግፋት ጀመረች።  ለረጅም ጊዜ ገፋች።

ፈለቀች ልትነሳ ስትል ሸይማ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት።

«ኢንስፔክተር፣ የሀሩንን ስልክ መቼ ነው የምትመልሱልኝ?»

«ጉዳዩ ሲያልቅ ነው፣ ልጄ። ወራት ይፈጃል።»

«ቁጥሩ እንዳይዘጋብኝ» አለች ሸይማ። «አንዳንዴ ልደውልለት እችላለሁ ብዬ ነው።»

ፈለቀች ጎንበስ ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ዝናቡ እንደገና ሊጀምር ደመናው ወርዷል። ሙዘሚል መኪናውን አስነስቶ ይጠብቃታል። ከብሎኩ ሥር ካለችው ሱቅ ሦስት ካርድ ገዝታ፣ መኪናው ውስጥ ገብታ፣ በሳንቲም ፋቀቻቸው። የመጀመሪያውን ወደምታውቀው ቁጥር ላከች፤ እሱን ለማስገባት ማየት አያስፈልጋትም። ለሁለቱ ግን ከማስታወሻ ደብተሯ እያነበበች፣ እንዳትሳሳት አንድ አንድ አኃዝ እየቆጠረች ጻፈች።

ሙዘሚል ሦስተኛው «ተሞልቷል» የሚለው መልእክት እስኪደርሳት ድረስ መኪናውን አላንቀሳቀሰም።